ለዘገየው ጥያቄህ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእማማ ጉልበትስ እንዴት ሆነላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ልጅህ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደሚሆንባት ነግረኸኝ፣ እኛ እንደሸመደድነው ያለ የተቃራኒ ቃላት ዝርዝር ይዛ ብታጠና ይበጃት እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል፤ ልጅቱም ይኸኔ ዘጠነኛን ጨርሳለች። ዛሬ ነገ እያልሁ መቆየቴን በሥራ ብዛት አላመካኝም፤ ወቀሳህን ተቀብዬ ወደ መልሱ ልግባ።

ደብተራችን ትዝ ይልሃል? ገጹን መኻል ለመኻል በማስመሪያ ሰንጥቀን በግራ ‹ሆት›፣ በቀኝ ‹ኮልድ›፣ በግራ ‹ዳርክ›፣ በቀኝ ‹ላይት› እያልን እንሞላው ነበር። መምህራችን አንዱን ሲጠሩ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሌላውን ይመልሳል፤ ለፈተናም ያ ይበቃ ነበር። ልፋታችን ከንቱ ነበር አልልም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ኦግደን በ1930 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛን በ850 ቃላት አሳጥሮ ሲያቀርብ 50ዎቹን ‹ተቃራኒዎች› ብሎ ለብቻቸው መድቧቸዋል። ጥንድ ሆኖ የተያዘ ቃል በቀላሉ እንደማይረሳ እኔና አንተም ምስክሮች ነን።

ችግሩ የተገለጠልኝ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ በጀመርሁበት ሰሞን ነው። አንዲት አዛውንት ሴት ‹ላይት› ብርድ ልብስ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። የደብተራችን ቀኝ ዓምድ ወዲያው ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ ‹ላይት› የ‹ዳርክ› ተቃራኒ ነውና፣ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ጥቋቁሮች አልፌ ነጣ ያለውን፣ ከሁሉም ወፍራሙን፣ አልብሻቸው ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ የጥሪ ደወላቸው ጮኸ። ስመለስ የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ጣል እያደረጉ፣ እየሣቁም ‹ሄቪ፣ ሄቪ› አሉኝ። ለካ ‹ላይት› የ‹ሄቪ›ም፣ የከባድም፣ ተቃራኒ ኖሯል፤ የፈለጉት ስሱን ነበር።

የአንድ ቃል ተቃራኒ የሚታወቀው አብሮት የተቀመጠው ነገር ሲታወቅ መሆኑ የገባኝ ያን ሌሊት ነው። እኛም እኮ ሸክሙንም ፈተናውንም ‹ቀላል› እንላለን፤ ተቃራኒያቸውም ለሁለቱም ‹ከባድ› ነው። እንግሊዝኛ ግን ሸክሙን ‹ሄቪ›፣ ፈተናውን ‹ዲፊከልት› ብሎ ይለያቸዋል። እኛ ‹ረጅም› በምንለው ቦታም ሰው ከሆነ ‹ቶል›፣ መንገድ ከሆነ ‹ሎንግ› ይላል፤ ‹ሾርት› ግን ለሁለቱም ያገለግላል። ‹ኦልድ›ን ደግሞ እኛ ለቤት ‹አሮጌ›፣ ለሰው ‹ሽማግሌ› ብለን ስንለየው እነሱ በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ ተቃራኒው ላይ ሲደርሱ ግን ለቤቱ ‹ኒው›፣ ለሰውየው ‹ያንግ› ይላሉ። ስለዚህ ልጅህ ‹ኦልድ› ብቻ ብላ አትጻፍ፤ ‹ኦልድ ሃውስ› እና ‹ኦልድ ማን› ብላ በሁለት መስመር ትጻፍ፤ ተቃራኒውም ከነባለቤቱ ይከተል።

እስከ ዛሬ የሚያደናግረኝ ‹ቦሮው› እና ‹ሌንድ› ነው። በእኛ ቋንቋ ‹ተዋሰ› እና ‹አዋሰ›፣ ‹ተበደረ› እና ‹አበደረ› ከአንድ ሥር ወጥተው በፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ እንግሊዝኛው ግን የማይዛመዱ ሁለት ቃላት አቁሞ፣ ‹ተከራየ› እና ‹አከራየ› ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ‹ሬንት› ብሎ ይገላገላል። የሥራ ባልደረባዬን እስክሪብቶውን ‹ቦሮው› እንዲያደርገኝ ስንት ጊዜ እንደለመንሁት አልነግርህም። ሁለቱን ቃላት በአንድ ቀን፣ በአንድ መስመር ነበር የሸመደድናቸው፤ ጥፋቱም ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። የኒውዚላንዱ የቃላት ትምህርት ተመራማሪ ፖል ኔሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተቃራኒዎችን ሁለቱም አዲስ ሳሉ አንድ ላይ ማጥናት እርስ በርስ እንደሚያደባልቃቸው ያስጠነቅቃል። አንዱ፣ ይልቁንም አዘውትሮ የሚነገረው፣ መጀመሪያ ሥር ይስደድ፤ ሌላው ከሳምንታት በኋላ ይምጣ።

ከቃል ፊት በሚገባ ቅጥያ ስለሚሠሩት ተቃራኒዎች ብዙ አልልም። እኛ ‹ኢፍትሐዊ› ስንል ከግእዝ የወረስነው ‹ኢ› የሚሠራውን ሥራ እነሱ ከላቲን ባመጡት ‹ኢን› ይሠሩታል፤ ቀጣዩን ፊደል እየተከተለም ‹ኢምፖሲብል›፣ ‹ኢሌጋል›፣ ‹ኢሬጉላር› እያለ ይለዋወጣል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ‹ኢንፍላመብል› በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ብታይ እሳት የማይዘው እንዳይመስላት፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ ‹ፍላመብል› ከሚለው አይለይም፤ ‹ኢን› እዚያ አፍራሽ አይደለምና። ‹ኢንቫሉዌብል› ሲባልም የረከሰ ማለት አይደለም፤ እኛ ‹ዋጋ የማይተመንለት› የምንለው ነው።

አሁን አሥረኛ ክፍል ናትና ደብተሯን ባለ ሦስት ዓምድ አድርጋ ትጀምር፤ መኻለኛው ዓምድ ቃሉ አብሮት ለሚሄደው ነገር ይሁን፤ ቀኙን ዓምድ ለጊዜው ባዶ ትተወው። የእኛ ደብተር ከእማማ ሣጥን ውስጥ ካልጠፋ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ‹ላይት› ያለበትን ገጽ ማየት አምሮኛል። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ለልጅቱና ለእናቷም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ