ርስት ለሌላቸው ልጆች የወጣ ደንብ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በአውስትራሊያ ስለሚኖሩ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና እዚህ አገር «ፉቲ» እየተባለ ስለሚጠራው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ባለፈው ወር በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ በሜልቦርን ከተማ በፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን ጎዳና ካሉት የአገራችን ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ከጓደኞቼ ጋር እየተቀባበልን አንብበነዋል። ጉዳዩን ማንሣታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ልጆቻችን በየሳምንቱ አሰላለፍ ውስጥ በብዛት የማይታዩት በአሰልጣኞች አድልዎ ነው ብሎ መደምደሙ፣ ነገሩን ከሥሩ ትቶ ከጫፉ እንደመያዝ ስለሆነብኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፋችሁ ያተኮረው የክለቦች ስም ዝርዝር በሚወጣበት በሐሙስ ማታ ላይ ነው። እኔም የሐሙስ ማታን ስሜት አውቀዋለሁ። በሰፈራችን ከ16 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሳገለግል፣ አሰልጣኙ የልጆቹ ስም የተለጠፈባቸውን ማግኔቶች በነጩ ሰሌዳ ላይ ከተከላካይ እስከ አጥቂ እየደረደረ ሲሄድ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። አንድ ጊዜ የራሴ ልጅ ማግኔት ሰሌዳው ግርጌ ብቻውን ቀርቶ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ለተሰለፉት ልጆች ለዕረፍት ሰዓት የሚበላውን ብርቱካን አራት አራት ቦታ እየቆረጥኩ ስውል ምን እንደተሰማኝ አልዘነጋውም። ሆኖም አሰልጣኙ ትክክል ነበር፤ ልጁ ኳሱን በግራ እግሩ መምታት ገና አልለመደም ነበር።

በትልቁ ሊግ፣ በኤኤፍኤል፣ ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ክለብ በመዝገቡ ከ40 በላይ ተጫዋቾች ይይዛል፤ ለአንድ ጨዋታ የሚፈልገው ግን 18ቱን ሜዳ ውስጥ የሚሰለፉትንና ተቀያሪዎቹን ጨምሮ 23 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመዝገቡ ግማሽ ያህል በየሳምንቱ ከዋናው ቡድን ውጭ ይሆናል፤ በተለይ ቁመታቸው የረዘመ ወጣቶች ሰውነታቸው እስኪጠነክርና የጨዋታውን ፍጥነት እስኪለምዱ በሁለተኛው ቡድን ሁለትና ሦስት ዓመት መቆየታቸው የተለመደ ነው። ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2009 መጨረሻ ወደ ኖርዝ ሜልቦርን ገብቶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2013 ነበር። ኬንያ ውስጥ በካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደው አሊር አሊርም ሲድኒ በ2013 በ44ኛው ተራ ከመረጠው በኋላ ለዋናው ቡድን የተሰለፈው በ2016 ነው፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ወደ ፖርት አደሌድ ተዛውሮ በ2021 የዓመቱ የአውስትራሊያ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቷል። የሁለቱንም የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ብቻ አይቶ «አድልዎ ነው» ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ተሳስቶ ነበር።

እኔ አድልዎ ካለ የሚፈለገው በአሰላለፉ ሳይሆን መዝገቡ በሚሞላበት ደንብ ውስጥ ነው እላለሁ።

ለአንባቢዎቻችሁ ግልጽ እንዲሆን፣ በዚህ ሊግ አንድ ክለብ እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች አይገዛም። ከ1986 ጀምሮ ድራፍት የሚባል የምርጫ ሥርዓት አለ፤ በደረጃ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ ላይ ይመርጣል። በ1987 ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ ተበጀለት። ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ የሚሄደውም በአብዛኛው በሌላ ተጫዋች ወይም በድራፍት ተራ ተለውጦ ነው። በዚህ የተነሣ የመልማዮችና የመዝገብ ኃላፊዎች ሥራ፣ ማን ጥሩ እንደሆነ ከማወቅ ባልተናነሰ፣ የትኛው ተራ ለየትኛው ልጅ እንደሚበቃ ማስላት ሆኗል።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነ አንድ አሮጌ በር አለ፤ እርሱም የአባትና ልጅ ደንብ ነው። አባትየው ለአንድ ክለብ 100 ጨዋታ ከተጫወተ፣ ልጁ ለድራፍት ሲደርስ ያ ክለብ ቅድሚያ አለው፤ ሌላ ክለብ በአንድ ተራ ላይ የልጁን ስም ቢጠራ፣ የአባቱ ክለብ ለዚያ ተራ የተተመነውን ነጥብ ከራሱ ተራዎች ከፍሎ ልጁን ያስቀራል። ለምሳሌ በ2015 በወጣው ተመን መሠረት የመጀመሪያው ተራ 3000 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2517 ነጥብ ያወጣ ነበር። አውስትራሊያውያን ይህን ደንብ ይወዱታል፤ የቤተሰብ ታሪክ ነውና አልፈርድባቸውም። በእኛ ቋንቋ ግን ይህ ርስት ነው። አባቱ መሬት ያለው ልጅ ይወርሳል። የእኛ ልጆች አባቶች ደግሞ እዚህ አገር ስንመጣ 100 ጨዋታ ቀርቶ ይህን እንቁላል የመሰለ ኳስ ነክተን አናውቅም።

የቀጣዩ ትውልድ አካዳሚ በ2016 ሲቋቋም የሞላው ይህን ጉድለት ነበር። ደንቡ በቪክቶሪያ፣ በደቡብ አውስትራሊያና በምዕራብ አውስትራሊያ ላሉ ክለቦች የየራሳቸውን ክልል ሰጥቶ፣ በዚያ ክልል ያሉ የአገሩን ነባር ሕዝብ ልጆችና ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ቤተሰቦችን ልጆች ፈልገው እንዲያሠለጥኑ፣ በምላሹም ልጁ ሲደርስ እንደ አባትና ልጁ ደንብ ነጥብ ከፍለው እንዲያስቀሩት ፈቀደ። ክለቡ ለልጁ የአባትን ቦታ ያዘለት ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በቪክቶሪያ ገጠር በሞርዌል ያደገው የደቡብ ሱዳን ቤተሰብ ልጅ ቻንግኩዎት ጂያት ወደ ሃውቶርን የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ በ2019 የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ።

ከዚያ የሆነውን ለመረዳት የ2020ውን ድራፍት ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ከሁሉ በታች ሆኖ የጨረሰው አደሌድ በመጀመሪያው ተራ የጃማራ ዩግል-ሄገንን ስም ሲጠራ፣ ልጁን በአካዳሚው ያሠለጠነው ዌስተርን ቡልዶግስ ያጠራቀማቸውን የኋላ ተራዎች በነጥብ መንዝሮ ወሰደው። ቡልዶግስ በዚያ ዓመት ለማጠቃለያው ጨዋታዎች ያለፈ ክለብ ነበር። የአደሌድ ደጋፊዎች ቅሬታ ከንቱ አልነበረም፤ የድራፍቱ ዓላማ ደካማውን ማንሣት ከሆነ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ምርጫ ለጠንካራው ክለብ በርካሽ ሲሄድ ዝም ይባል ማለት አይቻልም። ሊጉ ግን ዋጋውን ከማስተካከል ይልቅ በሩን መዝጋት መረጠ። በ2021 ከ20ኛው ተራ በፊት ስሙ የተጠራ የዚህ አካዳሚ ልጅ በአሳዳጊው ክለብ ሊቀር አይችልም ተባለ፤ በ2022 ገደቡ ወደ 40ኛው ተራ ተገፋ።

በ2021 ድራፍት የሆነውን ልብ በሉልኝ። በሁለተኛው ተራ የሳም ዳርሲ ስም ሲጠራ ቡልዶግስ በአባቱ በሉክ ዳርሲ በኩል አስቀረው። በአራተኛው ተራ ኒክ ዴይኮስ ሲጠራ ኮሊንግዉድ በአባቱ በፒተር ዴይኮስ በኩል አስቀረው። በአምስተኛው ተራ ጎልድ ኮስት ማክ አንድሩን ጠራ፤ ግብፅ ውስጥ የተወለደ፣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ወላጆች ልጅ፣ በሜልቦርን ክለብ አካዳሚ ውስጥ የነበረ። ሜልቦርን ሊያስቀረው አልተፈቀደለትም። «ሜልቦርን የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ስለነበር ተገቢ ነው» የሚሉኝ አሉ። ታዲያ በፍጻሜው በሜልቦርን የተሸነፈው፣ ማለትም የሊጉ ሁለተኛ የሆነው ቡልዶግስ፣ በሁለተኛው ተራ የተጠራውን ልጅ ሲያስቀር ማን ተቃወመ? ልዩነቱ በክለቦቹ ጥንካሬ ላይ አልነበረም። አንደኛው ልጅ የሚወርሰው ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም።

በ2023 የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የቻንግኩዎት ታናሽ ወንድም ቴው ጂያት ወንድሙ ባለፈበት በዚያው በሃውቶርን አካዳሚ ነበር። ኮሊንግዉድ በ37ኛው ተራ ስሙን ጠራ። ለገደቡ ሦስት ተራ ጎድሎት ነበርና ሃውቶርን እጁን አጣጥፎ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ደካማውን ለማንሣት የወጣ ነው የተባለው ደንብ፣ በዚያ ዓመት ከ18 ክለቦች 16ኛ ሆኖ ከጨረሰው ክለብ ልጁን ነጥቆ በዚያው ዓመት ዋንጫ ለበላው ክለብ ሰጠው። በዚያው ድራፍት የሰሜኖቹ፣ ማለትም የኩዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ክለቦች የራሳቸው አካዳሚዎች በዚህ ገደብ ስለማይያዙ፣ ጎልድ ኮስት እስከ 26ኛው ተራ ባለው ውስጥ ብቻ አራት የአካዳሚ ልጆቹን አስቀርቷል። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው መጀመሪያ የተሳሳትኩ ነበር የመሰላቸው።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እንዲህ ያለችውን ላም ደግሞ ማንም ተግቶ አይቀልባትም። ሁለተኛው ልጄ ስሙን በማልጠቅሰው ክለብ አካዳሚ ሲገባ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ አሠልጣኝ፣ የአካል ብቃት ባለሙያና የተቆራረጠ የጨዋታ ቪዲዮ ይዞ የሚያስረዳ ሰው ይጠብቁት ነበር። ገደቡ ወደ 40 ከተገፋ በኋላ ሥልጠናው በወር አንድ ጊዜ ሆነ፤ ቪዲዮ የሚያሳየው ሰው ቀረ፤ በመጨረሻም ፕሮግራሙ «በድጋሚ እየታየ» መሆኑን የሚገልጽ አጭር መልእክት በስልካችን ደረሰን። የክለቡን ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም። መልማይ በጀቱን የሚያወጣው ሊያገኝ በሚችለው ልጅ ላይ ነው፤ ልጁ ጎበዝ በሆነ ቁጥር ከእጁ የሚወጣ ከሆነ፣ አለቃው ገንዘቡን ሌላ ቦታ እንዲያውል ቢነግረው አያስደንቅም። ጎበዝ ያልሆነው ልጅ ግን ማንም ሳይሻማበት ለክለቡ ይቀራል፤ ደንቡ ያተረፈለት እርሱን ብቻ ነበር።

ለእውነት ያህል፣ ከ2024 ድራፍት ጀምሮ ይህ ገደብ ተነሥቷል። በዚያ ዓመት ኤሰንደን ከኢራቅ የመጣ ቤተሰብ ልጅ የሆነውን አይዛክ ካኮን በ13ኛው ተራ ነጥብ ከፍሎ በአካዳሚው መብት አስቀርቶታል። ከ2025 ደግሞ ክለቦች የራሳቸውን ልጅ ሲያስቀሩ ያገኙት የነበረው የ20 በመቶ ቅናሽ ወደ 10 በመቶ ወርዷል፤ የነጥቡ ተመንም ተሻሽሎ የኋላ ተራ እየሰበሰቡ ትልቅ ልጅ መውሰድ ከብዷል። ይህን እደግፋለሁ፤ ዋጋው ለአባትና ልጁም፣ ለሰሜኖቹ አካዳሚዎችም፣ ለእኛም ልጆች እኩል የጨመረ ነውና። የአደሌድ ሰዎች በ2020 ያነሡት ቅሬታ ከመጀመሪያውም መመለስ የነበረበት በዚህ መንገድ ነበር። የሚያሳስበኝ ይህ ሁሉ የተደረገው አንድ ልጅ ከ12 ዓመቱ እስከ 18 ዓመቱ በሚያድግበት ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። በ2016 አካዳሚ የገባ ልጅ ለድራፍት እስኪደርስ ደንቡ ከሥሩ ተለዋውጦ ቆይቶታል፤ የአባትና ልጁ ደንብ ግን ተመኑ ቢስተካከልም በሩ አንድም ቀን አልተዘጋም። ወደፊት ሌላ ጠንካራ ክለብ ሌላ ጎበዝ የስደተኛ ልጅ ባስቀረ ጊዜ ጩኸቱ መነሣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ገደቡ ተመልሶ ይምጣ ከተባለ፣ ለአባትና ልጁም አብሮ ይምጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚጠይቁ የማኅበረሰባችን ማኅበራት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ የሚጠይቁት ነገሩን ሲያውቁት ነው።

ስለሆነም ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ድራፍቱ በየዓመቱ በኅዳር ወር አካባቢ ይካሄዳል፤ የእኛ አካባቢ ልጅ ሲመረጥም ፎቶውንና ስሙን ታወጣላችሁ፣ እኛም ቆርጠን ማቀዝቀዣው ላይ እንለጥፈዋለን። ከእንግዲህ ከስሙ ቀጥሎ የተመረጠበትን ተራ፣ የወሰደውን ክለብና ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠለጠነውን አካዳሚ ሦስቱንም ጻፉልን። ሁለቱ የክለብ ስሞች የተለያዩ በሆኑ ቁጥር ደግሞ ለምን እንደተለያዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት፣ ከፉትስክሬይ፣ ሜልቦርን