ስለ ዩኤስዲቲው ነገር፣ ከጅማ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አንተም አልደወልክ፣ እኔም አልደወልኩ፤ ወቀሳውን እንተወው። ጅማ ክረምቱ ገብቶ መርካቶ በጭቃ ተይዟል። ባለፈው ሔርማታ እናትህን አግኝቼ «ልጄ ለፈረንጅ ሠርቶ ክፍያውን በክሪፕቶ ሊቀበል ነው አሉ፤ ምንድን ነው እሱ?» ሲሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ልትቀበለው ያሰብከው ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር እኩል እንዲሆን የታሰበ ክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚላክ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን ለመገበያያ እንዳልፈቀደ ታውቃለህ። ገንዘቡ ቢጠፋ አቤት የምትልበት ደጃፍ የለም።

ገንዘቡ የሚሄድበት መስመር (ኔትወርክ የሚሉት) የመላኪያ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው በሚላከው መጠን አይደለም። ባጃጅ ኮንትራት ይዘህ አንድ ኬሻ ቡና ጫንክ ሁለት፣ ዋጋው ያው ነው፤ ይህም እንደዚያ ነው። 20 ዶላርም 2000 ዶላርም እኩል ያስከፍላል። ስለዚህ የምታምነው ደንበኛ በወር አንዴ ይክፈልህ። አዲስ ከሆነ ግን ኮሚሽኑን ዋጥ አድርገህ በየሥራው ተቀበል፤ የወር ድካምህ ሰው እጅ አይቆይ።

ከኔትወርኮቹ አንዱ በሆነው በትሮን ተቀበል ይሉሃል፤ አልቃወምም። ግን ዋሌትህ (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳህ) ውስጥ ዩኤስዲቲ ብቻ ካለ መልሰህ ልላክ ስትል አይንቀሳቀስልህም፤ የትሮን ኮሚሽን የሚከፈልበት ቲአርኤክስ የሚባለው ገንዘብ ትንሽ ይኑርህ። ዩኤስዲቲ ወደሌለበት አድራሻ መላክ ደግሞ እጥፍ ገደማ ያስወጣል።

እኔን የሚያስፈራኝ ርካሹ መንገድ ሳይሆን የመንገድ፣ ማለትም የኔትወርክ፣ መደባለቅ ነው። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ስለሚጀምር ብትሳሳት ዋሌቱ ራሱ እምቢ ይልሃል። በሌሎቹ ኔትወርኮች በኢቴሪየምና በቢኤንቢ ግን ያው አንዱ አድራሻ ለሁለቱም ያገለግላል። ደንበኛህ በርካሹ በቢኤንቢ ልኮ ኤክስቼንጅህ (ክሪፕቶ የምትመነዝርበት ድርጅት) በዚያ የማይቀበል ከሆነ ገንዘቡ ደርሶም አታየውም። ቁልፉ አንተ እጅ ባለ ዋሌት ቢሆን ኔትወርኩን ቀይረህ ታገኘዋለህ፤ ኤክስቼንጅ ላይ ግን ደጅ ጥናት ነው። ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ የሚያሻግሩትን ድልድዮችም ካልቸገረህ አትንካ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሮኒን የሚባለው ድልድይ ዝውውር ከሚያጸድቁት 9 ፈራሚዎቹ የ5ቱ ቁልፍ ሌባ እጅ ገብቶ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘርፏል።

አድራሻ ደግሞ ከድሮ የዝውውር ዝርዝርህ ላይ ኮፒ አታድርግ። ሌቦች መጀመሪያና መጨረሻው ከለመድከው ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ፈጥረው ሳንቲም ይልኩልሃል፤ ስትቸኩል የነሱን እንድታነሳ ነው። መሃሉንም አንብብ። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ መጀመሪያ 5 ዶላር ይላክ፣ ሲደርስ ቀሪው። ሁለት ጊዜ ኮሚሽን መክፈል ያንገበግባል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አልቆጥብም።

ደንበኛህ በየትኛው ኔትወርክ እንደሚልክ ጻፍልኝና አብረን እናየዋለን። ዋሌትህን የሚከፍቱትን 12 ምስጢር ቃላት ግን ለእኔም እንዳትልክ።

ወንድምህ