ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የመጣው ዕዳ፦ ሒሳቡን አሳዩን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣ ስገዛ የሐራጅ ማስታወቂያዎቹን ሳላይ አላልፍም። የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ ቤቱ ያለበት ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። አንባቢ ነገሩ እዚያው የሚያልቅ ይመስለዋል። አያልቅም። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ስለሚመጣው ደብዳቤ ግን ብዙም ሲጻፍ ስለማላይ፣ ዛሬ እኔ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ።

የታላቅ ወንድሜ ቤት በባንክ ተሽጧል። እዚሁ አዳማ። ቤቱን አስይዞ የጭነት መኪና ገዛ፣ የጅቡቲ መስመር ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ አበላው፣ ከዚያ መኪናው ተበላሽቶ ቆመ፣ የወር ክፍያው ተከመረ። ይኼን አላረዝመውም፤ በዚህ መንገድ ቤቱን ያጣ ሰው የማያውቅ አዳማ ውስጥ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ባንኩን ለምን ሸጥክ ብዬም አልከስም። የተበደረ ይከፍላል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ ውሉ ላይ ከተስማሙ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያው ደርሶታል፣ ሐራጁም ተካሂዷል። እስከዚህ ድረስ ጥያቄ የለኝም።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ኪራይ ቤት ገብቶ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀይረው፣ እንደምንም መተንፈስ ሲጀምሩ አንዲት ገጽ ደብዳቤ መጣች። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ዕዳውን ስላልሸፈነ ቀሪውን በአስቸኳይ ክፈል ትላለች። ቁጥሩ አንድ ነው። ቤቱ ስንት እንደተሸጠ የለም፣ ወለዱ እስከ መቼ እንደታሰበ የለም፣ ወጪ የሚባለው የምን እንደሆነ የለም። ግልባጭ ለዋሱ ይላል። ዋሱ ደግሞ በጡረታ የሚኖር አጎታችን ነው፣ ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

ወንድሜ ብድር ክፍል ሄዶ ዝርዝሩን ጠየቀ። «ሲስተሙ ነው ያወጣው» አሉት። ይቺ መልስ ነች እኔን እስክርቢቶ ያስነሳችኝ። ሲስተም እኮ ሰው ያስገባለትን ነው የሚያወጣው። ሱቅ ሄደን የአንድ ሳምንት ዱቤ ስንዘጋ እንኳን ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ ስኳር ይኼ፣ ዘይት ይኼ ብሎ ያሳየናል።

ለምን ዝርዝሩ ያስፈልጋል? በምሳሌ ላሳይ፣ ቁጥሮቹ የወንድሜ አይደሉም፣ ለማስላት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው። ዕዳው 2 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ቤቱ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ተሸጠ። ቀሪው 300 ሺህ ነው፣ ሕፃንም ያሰላዋል። ወለዱ 17 በመቶ ከሆነ ይኼ ቀሪ በዓመት 51 ሺህ ብር ይወልዳል። አሁን ደግሞ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ጨርሶ ሳለ፣ ባንኩ ግን ስም ዝውውሩ አላለቀም፣ የሕግ ክፍል አላጸደቀውም በሚል ገንዘቡን በተበዳሪው ሒሳብ ላይ ያወራረደው ከ6 ወር በኋላ ቢሆንስ? በነዚያ 6 ወራት በ1 ሚሊዮን 700 ሺው ላይ ብቻ 144 ሺህ 500 ብር ወለድ ይታሰባል። 300 ሺህ የነበረው 444 ሺህ 500 ሆኖ ይመጣል፣ ያውም የቅጣት ወለድ ሳይጨመርበት። ገንዘቡ ባንኩ እጅ ነው፣ ወለዱ ግን ሰውዬው ላይ ይቆጥራል። እንዲህ ተደርጓል እያልኩ አይደለም። አለመደረጉን ማወቅ የምንችለው ግን ሒሳቡን ስናይ ብቻ ነው። ገዢው የከፈለበት ቀንና ገንዘቡ ከዕዳው የተቀነሰበት ቀን፣ ሁለቱም በጽሑፍ ይምጡ። እነዚህን ሁለት ቀኖች መጻፍ ምን ያህል ሥራ ነው?

ሌላው ሲፒኦው፣ ባንክ በዋስትና የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ነው። ሐራጅ የገባ ሰው እንደሚያውቀው ተጫራች ብዙ ጊዜ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ አስይዞ ነው የሚቀርበው። አሸንፎ ቀሪውን በቀነ ገደቡ ካልከፈለ ያስያዘውን ያጣል። ወንድሜ ቤት ላይ የመጀመሪያው አሸናፊ ሳይከፍል ቀርቷል፣ ሐራጁም ድጋሚ ወጥቷል። ያ ሲፒኦ የት ገባ? ከዕዳው ተቀነሰ ወይስ የባንኩ ገቢ ሆነ? ደብዳቤዋ ስለዚህ ትንፍሽ አትልም። የድጋሚ ሐራጁ ማስታወቂያ ወጪ ግን ወንድሜ ላይ እንደተጻፈ በቃል ነግረውታል። ሳይከፍል የቀረው ሰውዬ ባመጣው ጣጣ ወንድሜ ለምን ይከፍላል?

«ልዩ ልዩ ወጪ» የምትባለዋ ደግሞ ራሷን የቻለች ጉድ ናት። የጥበቃ ነው? የመድን ነው? የገማች ነው? በሐራጅ ማስታወቂያዎቹ ላይ ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ በገዢው እንደሚሸፈን ሲጻፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ገዢው የከፈለው ወጪ ተመልሶ በተበዳሪው ስም እንዳልተያዘ በምን እናውቃለን? ለያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ይኖራል፣ ባንክ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አያወጣም አይደል? ኮፒው ይሰጠን፣ አለቀ።

ግምቱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። መነሻ ዋጋ የሚሠራው ከግምት ነው። ግምቱ የተሠራው መቼ ነው? ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ማለት ነው፣ የብረቱም የሲሚንቶውም ዋጋ ሌላ ሆኗል። ብድሩ ሲሰጥ የተሠራ የድሮ ግምት ይዞ ዛሬ ሐራጅ መውጣት ቤቱን በርካሽ መስጠት ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ደግሞ ተበዳሪው ነው፣ ምክንያቱም ቤቱ በርካሽ በተሸጠ ቁጥር ቀሪ ዕዳው ያድጋል። ባንኩ በሁለቱም መንገድ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጥሩ ዋጋ እስኪገኝ የሚለፋበት ምክንያት ብዙ አይታየኝም።

ከዚህም የባሰ አለ። በሐራጅ ገዢ ሲጠፋ ባንኩ ራሱ ቤቱን በመነሻ ዋጋ መውሰድ ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅድለታል። የሰፈራችን አንድ ነጋዴ እንዲህ ደርሶበታል። ባንኩ በመነሻ ዋጋ ወሰደ፣ ቀሪ ዕዳ ጻፈበት፣ ቤቱን ደግሞ ቆይቶ ለሌላ ሰው ሸጠ። ሰፈርተኛው በስንት እንደተሸጠ ያውቃል፣ ነጋዴው ላይ ከተያዘለት ዋጋ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። እሱ ግን ዛሬም ቀሪ ዕዳ ይከፍላል። ባንኩ የገዛውን ንብረት አትርፎ ቢሸጥ መብቱ ነው የሚል ይኖራል፣ በወረቀት ደረጃ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከአንድ ቤት ሁለቴ መብላት ነው የምለው።

በእንግሊዝ አገር እንኳን፣ ባንኮች ጥርስ ባላቸው አገር፣ አበዳሪው ቤቱን ሸጦ ቀሪ ዕዳ ሊጠይቅ ካሰበ ይህን ለተበዳሪው በ6 ዓመት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። እኛ ጋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ዕዳ ይርጋ፣ ማለትም ዕዳውን በፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ በመደበኛው 10 ዓመት ነው። 10 ዓመት ሙሉ ወለድ የሚቆጥር ቀሪ ዕዳ ከላይ እያንዣበበ ሰው ምን ብሎ ሱቅ ይከፍታል? ማን ዳግም ብድር ይሰጠዋል?

ደብዳቤ ለደረሳችሁ ሰዎች ከወንድሜ ጉዳይ ያየሁትን ልንገራችሁ። በቃል አትከራከሩ፣ ቢሮ ውስጥ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም። ማመልከቻ ጽፋችሁ አስገቡ፣ በኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ማኅተም አስመቱበት። ከብድሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያለውን የሒሳብ ስቴትመንት ጠይቁ። የመያዣ ውላችሁን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ የቅጣት ወለድና የወጪ ነገር እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ውሉ ላይ የሌለ ክፍያ ከመጣባችሁ ከየት መጣ በሉ። «ለጊዜው ትንሽ ክፈልና እንነጋገራለን» ሲሏችሁ አትቸኩሉ፣ ከፈላችሁ ማለት ዕዳውን አመናችሁ ማለት ነው፣ ይርጋውም እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል። ዋስ የሆናችሁም ዝም አትበሉ፣ ዝርዝሩ እናንተንም ይመለከታል። ሐራጁ ከሕጉ ውጭ ተካሂዶ ጉዳት ካደረሰ ባንኩ ኃላፊ እንደሚሆን ያው አዋጅ ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ ጠበቃ ማማከር ከአቅም በላይ ካልሆነ ይጠቅማል።

ለባንኮች የምለው ብዙ የለኝም። ዕዳው ይሰረዝ አላልኩም። ከደብዳቤው ጀርባ አንድ ሠንጠረዥ ይጨመር፦ ዋናው ገንዘብ፣ ወለድ ከመቼ እስከ መቼ፣ ቅጣት፣ እያንዳንዱ ወጪ ከነደረሰኙ፣ የሽያጭ ዋጋ፣ ገቢ የሆነበት ቀን። ትክክል ከሆነ ወንድሜ ይከፍላል፣ በወር በወርም ቢሆን።

የዝግጅት ክፍሉን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ብሔራዊ ባንክን ጠይቁልን፦ ባንኮች ከሐራጅ በኋላ ቀሪ ዕዳ ሲጠይቁ ዝርዝር ሒሳብ ለተበዳሪውም ለዋሱም እንዲሰጡ የሚያስገድድ መመሪያ አለ ወይ? ካለ ቁጥሩን፣ ከሌለም የለም የሚለውን መልስ በዚሁ ገጽ ብታወጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ