አባባ፣ ሰነዶቹ ከቤት ሳይወጡ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ወዳለሁበት ውጭ አገር የሚልኩልኝ ሰነዶች፣ ውክልናው፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀቱ፣ እንዴት በማኅተም እንደሚረጋገጡ በስልክ ብዙ ነገር እየተዘለለ ስለሚያልፍ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ወደየመሥሪያ ቤቱ ሲሄዱ ይዘውት ይውጡ።

ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙልኝ፤ እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ስላለው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። ውል አዋዋዩ፣ ኖተሪ የሚሉት፣ የእርስዎን ፊርማ ያረጋግጣል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የውል አዋዋዩን፤ እኔ ያለሁበት አገር ኤምባሲ ደግሞ የሚኒስቴሩን። ሚኒስቴሩም ሆነ ኤምባሲው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር እውነት ነው አይሉም። አንዱ ደረጃ ከተዘለለ ግን ቀጣዩ የሚያመሳክረው ፊርማ ስለሚያጣ ሰነዱን ይመልሰዋል። «ይህን ፊርማ አናውቀውም» ካሉዎት በእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ከፊታቸው የፈረመው ኃላፊ የፊርማ ናሙና አልደረሳቸውም ማለት ነው። ሰውየው አዲስ ሲሾም ይህ ያጋጥማል። ወደ መጀመሪያው ቢሮ ተመልሰው ናሙናው የተላለፈለት ሌላ ኃላፊ እንዲፈርምልዎ ይጠይቁ።

«አፖስቲል ብቻ ይበቃል» የሚልዎ ሰው አይጠፋም። አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ የሚሠራው ሰነዱ የወጣበትም የሚሄድበትም አገር እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የሄግ ስምምነት አባል ሲሆኑ ነው፤ ያኔ እሱ ብቻ ይለጠፍበትና ኤምባሲ መሄድ ይቀራል። የአፖስቲሉ መልክ የታወቀ ነው፤ ጎኑ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ፣ በውስጡ 10 ተራ ቁጥሮች፣ ርእሱም በፈረንሳይኛ። የአባላቱ ዝርዝር በየጊዜው ይቀየራል፤ በቻይና ስምምነቱ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2023፣ በካናዳ በ2024 ነው። አዲስ ገቢውን አገር የተቃወመ ነባር አባል ካለ ደግሞ በሁለቱ መካከል አፖስቲል አይሠራም። የእኛ ሰነዶች ግን በኤምባሲው መንገድ ስለሚሄዱ በዚህ አይጨነቁ።

አሁን ወደ ውክልናው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቤት ፈርመውበት አይሂዱ። የሚፈረመው በውል አዋዋዩ ፊት ነው፤ ተፈርሞ የመጣ ወረቀት እንደገና ይጻፍ ይባላል። መታወቂያዎ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። መነጽርዎን ይያዙና ከመፈረምዎ በፊት ሙሉውን ያንብቡ፤ ዓይንዎ ከደከመ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡልዎ ይጠይቁ። ምን እንደሚፈርሙ በራስዎ ቃል እንዲናገሩ ቢጠይቅዎ አይክፋዎት፤ በፈቃድዎና ገብቶዎት መሆኑን ማረጋገጥ ሥራው ነው። አብሮዎት የሚመጣው ዘመድ ስለ እርስዎ ከመለሰ ጥርጣሬ ስለሚያድርበት ዝም እንዲል ቀድመው ይንገሩት። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ረጋ በሚልበት ሰዓት ይሂዱ፤ ፊርማው ከመታወቂያው ጋር ካልተመሳሰለ ይመልሱታል። መፈረም ካስቸገረዎት በጣት አሻራ ይቻል እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ለአሻራ ምስክር ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድመው ይደውሉ።

ጽሑፉ ላይ «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ሐረግ ብቻውን አይበቃም። መሸጥ፣ ገንዘብ መቀበል፣ ፍርድ ቤት መቅረብ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ፤ የሂሳብ ቁጥሩም የንብረቱ መለያ ቁጥርም ይግባ። አባባ፣ ለልጅዎ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይስጡኝ። ሁለት ዋና ቅጂ ያስፈርሙ፤ ተቀባዩ ቢሮ አንዱን ካስቀረው ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዳንጀምር።

በስም ላይ ብዙ ሰው ይደናቀፋል። የልደትዎና የጋብቻዎ ወረቀት፣ ውክልናው፣ ትርጉሙም ላይ ያለው የላቲን ፊደል ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ ፊደል እንኳ መለየት የለበትም። የፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ይላኩልኝና ለተርጓሚው እሰጠዋለሁ፤ በጆሮው እየሰማ አይጻፍ። ቀንና ወር ቦታ እንዳይቀያየሩም ወሩን በቃል ያስጽፉ። ስሙ በዋናው ሰነድ ላይ ከተሳሳተ ራስዎ በእስክሪብቶ እንዳያርሙት አደራ፤ ያወጣው መሥሪያ ቤት ያርመው፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ተቀባይነት አያገኝም።

የልደት ወረቀቱ ላሚኔት ተደርጎ እንደሆነ ያዩልኝ። ከተደረገ ማኅተም አይይዝም፤ ፕላስቲኩን ለመላጥ ሲሞከርም ቀለሙ አብሮ ይነሳል፤ ስለዚህ አዲስ ቅጂ ያውጡ። እዚህ የሚቀበሉኝ ከወጣ 6 ወር ያላለፈውን ስለሆነ አዲስ ማውጣቱ አይቀርም። ማኅተሙ ሲመታ ተገልጦ የሚነበብ መሆኑን እዚያው ቆመው ይዩት፤ የደበዘዘ ማኅተም ቤት ከገቡ በኋላ አይስተካከልም።

ትርጉሙን ለመጨረሻ ያቆዩት። ማኅተሞቹ ሁሉ ከተመቱ በኋላ የእነሱም ጽሑፍ አብሮ እንዲተረጎም ነው። እዚህ ያለው ቢሮ የሚቀበለው በራሱ ዝርዝር ላይ የተመዘገበ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሠራውን ስለሆነ ትርጉሙን እኔ አሠራዋለሁ፤ እርስዎ ለዚያ ገንዘብ አያውጡ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ገጾቹን የያዘውን ስቴፕል ወይም ክር ማንም እንዳይነቅለው። ስካን ለማድረግ ብሎ የሚነቅል አለ፤ ያኔ ገጽ የተቀየረ ይመስልና የተደከመበት ሁሉ ይበላሻል። ሳይነቀል በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ጀርባውም ጭምር፣ ብዙው ማኅተም ያለው እዚያ ነውና። ፎቶውን ከላኩልኝ በኋላ ፊርማና ስሙን አንድ በአንድ አይቼ እስክደውልልዎ ድረስ ፖስታውን አያሽጉት።

ልጅዎ