የሰዓት ማሰሪያ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ቤት ውስጥ በራስ እጅ ሊሠሩ ስለሚችሉ ጥቃቅን ጥገናዎች በሚቀርበው ዓምዳችሁ ላይ፣ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ መቀየር ከቢላዋ ጫፍና ከአምስት ደቂቃ በላይ የማይጠይቅ ሥራ ተደርጎ የተጻፈውን አነበብኩ። ጸሐፊው አንባቢ ለትንሹም ለትልቁም ሰዓት ሠሪ ዘንድ እንዳይመላለስ ማደፋፈራቸው ያስመሰግናቸዋል። እኔም ላለፉት ዐሥራ ሁለት ዓመታት የራሴንና የቤተሰቤን ሰዓቶች ማሰሪያ የምቀይረው ራሴ ስለሆንኩ፣ ሥራው በቤት ይሠራል በሚለው እስማማለሁ። ቢላዋውንና አምስት ደቂቃውን ግን ልቀበላቸው አልቻልኩም። በዚያ ምክር ሄዶ ሰዓቱን የቧጨረ፣ ወይም የጠፋ ዘንግ አልጋ ሥር ሲፈልግ ያመሸ አንባቢ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ እጅ ላይ እንዳያላክክ፣ አስቸጋሪው ነገር የት ላይ እንዳለ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ማሰሪያን ከሰዓት ጋር የሚያይዘው አንድ ቀጭን ባለ ሞላ ዘንግ ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ የሽቦ ቁራጭ ይመስላል እንጂ ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ሞላ አለ፣ ሞላውም በዳርና ዳር ያሉትን ጫፎች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። እነዚህ ጫፎች በሰዓቱ ጆሮዎች ውስጠኛ ገጽ ላይ በተበሱ ጉድጓዶች ገብተው ማሰሪያውን ይይዛሉ። (ጆሮ የምላቸው ማሰሪያው በመካከላቸው የሚገባባቸውን አራት ቀንድ መሰል የብረት ጫፎች ነው፤ ሌላ ስም የሚሰጣቸው ሰው ካለ አልከራከርም።) የተለመደው ዘንግ ውፍረቱ 1.5 ወይም 1.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰዓቱን እጃችን ላይ የሚያቆየው ይህን የምታህል ብረት ናት።

ዘንጉን ለማውጣት በማሰሪያውና በጆሮው መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ገብቶ፣ ከጫፉ ቀጥሎ ያለችውን ከንፈር መሰል ጠርዝ ይዞ ወደ መሃል መሳብ ያስፈልጋል። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ጫፉ እንደ ሹካ መንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 የተመሠረተውና የሰዓት ሠሪ መሣሪያዎችን በማምረት የታወቀው የስዊዘርላንዱ በርዦን 6767 በሚል ቁጥር የሚሸጠው መሣሪያ ለአብነት ቢጠቀስ፣ በአንዱ ወገን መንታ ጫፍ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ቀጥ ያለ መርፌ አለው። መንታው ጫፍ ዘንጉን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ስለሚይዘው በቀላሉ አይንሸራተትም። ቢላዋ ግን አንድ ስለት ብቻ ስላለው የዘንጉን ጀርባ ጋልቦ የሚያርፈው ጆሮው ላይ ነው።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያውን ማሰሪያ የቀየርኩት ዓምዳችሁ እንደሚመክረው በቢላዋ ነበር። ቢላዋው አንዴ ሾልኮ ከታችኛው ጆሮ እስከ መስታወቱ ጠርዝ የሚደርስ ጭረት ጣለብኝ፤ ጭረቱ ዛሬም አለ፣ ብርሃን በጎን ሲመታው ይታያል። በሁለተኛው ሙከራ ዘንጉ ወጣ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ወጣ። የተጨመቀ ሞላ ድንገት ሲለቁት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የመስኮቱን መስታወት ሲመታ «ጭው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ አበጀሁ። አንደኛው፣ ከመጀመሬ በፊት ጆሮዎቹን በስስ ፕላስተር መሸፈን ነው። ሁለተኛው፣ ሰዓቱንም እጆቼንም ብርሃን በሚያሳልፍ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ መሥራት ነው። ቤተሰቤ በዚህ ይስቅብኛል፤ ዘንግ ግን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ማውጣቱ ይህን ያህል ካስቸገረ ማስገባቱ ይብሳል፤ ዓምዱ ስለ ማስገባት የጻፈው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የዘንጉን አንድ ጫፍ በአንዱ ጉድጓድ ካስቀመጡ በኋላ ሌላውን በመሣሪያው ጨቁኖ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ መምራት ያስፈልጋል፤ ያን ጉድጓድ ግን ማሰሪያው ራሱ ስለሚጋርደው አያዩትም። ዓይን ሳይሆን ጣት ነው የሚሠራው። ጫፉ ጉድጓዱን ሲያገኝ «ጠቅ» ይላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይላል። ችግሩ ጫፉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲንጠለጠልም ከዚያ የማይለይ ድምፅ መስጠቱ ነው። በዚህ ተታልዬ አንድ ማለዳ ደረጃ ስወርድ ሰዓቴ ከእጄ ወልቆ በመስታወቱ ተደፋ። ስለዚህ ማሰሪያ የቀየረ ሰው ሰዓቱን ከማሰሩ በፊት፣ ትራስ ወይም የታጠፈ ልብስ ላይ ሆኖ፣ ማሰሪያውን በሁለቱም ወገን ጠበቅ አድርጎ ይጎትት፤ ወደ ግራና ቀኝም ያወዛውዘው። የሚወልቅ ከሆነ እዚያው ይውለቅ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ልክ ነው። ማሰሪያ የሚገዛው በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ባለው ስፋት ሲሆን፣ ስፋቱ በአብዛኛው 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ነው። 19 እና 21 የሚሆኑ ሰዓቶችም አሉ፣ የሚያሳስቱትም እነሱ ናቸው። ባለ 22 ሰዓት ላይ ባለ 20 ማሰሪያ ሲገባ ዘንጉ በግራና በቀኝ ራቁቱን ይቀራል፣ ማሰሪያውም ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ባለ 20 ሰዓት ላይ ባለ 22 ቆዳ በግድ ሲገባ ደግሞ ቆዳው ተጨማድዶ ዳሩ ቶሎ ይላጣል። የዘንጉም ነገር እንደዚሁ ነው። ሴይኮ ለጠላቂዎች በሠራቸው በርካታ ሰዓቶች ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ዘንግ ስለሚጠቀም፣ በእነሱ ላይ ተራ ቀጭን ዘንግ ያስገባ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ የሚላወስ ጫፍ ተሸክሞ ይሄዳል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ቆዳና ጎማ ማሰሪያ ነው። የብረት ማሰሪያን በተመለከተ ዓምዱ «በተመሳሳይ መንገድ» ብሎ አልፎታል፤ ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ይህ አባባል ነው። የብረት ማሰሪያ ከእጅ ጋር እንዲስማማ ከሰንሰለቱ ፍሬ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ፍሬዎቹ የሚያያዙበት መንገድም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። በአንዳንዱ፣ እስከ ተወሰነ ርዝመቱ የተሰነጠቀ ፒን ነው የሚይዛቸው። ፍሬውን ገልብጦ ላየ ሰው ጀርባው ላይ ትንንሽ ቀስት ተቀርጾ ይታያል፤ ፒኑ የሚወጣው ቀስቱ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ብቻ ነው፣ የሚመለሰውም በተቃራኒው፣ የተሰነጠቀው ጫፍ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ፒኑን ከተቃራኒ ወገን በመዶሻ ሲመታ ፒኑን ያጎብጣል፣ ፍሬውንም ያበላሻል። በሌላው ሰንሰለት ፍሬዎቹን የሚያያይዘው ብሎን ነው። ብሎኑ እንዳይላላ ማጣበቂያ ስለሚቀባ ያለ ሙቀት አልንቀሳቀስ ሊል ይችላል፤ በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ ቢያሞቁት ይረዳል። ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በልኩ የማይገጥም ካቻቪቴ የተጠቀመ ሰው ግን ብሎኑን በልቶ፣ ከዚያ በኋላ ሰዓት ሠሪም የሚቸገርበትን ሥራ ያተርፋል።

ሦስተኛው ዓይነት በእኔ አስተያየት ከሁሉም ተንኮለኛው ነው። ፒኑ ለብቻው አይደለም፤ በፍሬው መካከለኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ፒኑን አንቃ የምትይዝ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቱቦ አለች። ፒኑ ሲወጣ ቱቦዋ ድምፅ ሳታሰማ ትወድቃለች። ሰውየው መኖሯን ስለማያውቅ አይፈልጋትም። ፒኑን ሲመልሰው ያለ አንዳች ችግር ሰተት ብሎ ይገባል፤ እሱም ሥራው ቀለለልኝ ብሎ ይደሰታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፒኑ እንደ ገባው ሁሉ ሰተት ብሎ ይወጣል። ፒን በጣት ብቻ ተገፍቶ ከገባ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነውና፣ ወለሉን ከመጥረግ በፊት በማግኔት ማሰስ ያሻል። ቱቦዎቹ ከማግኔት ጋር የማይስማሙ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ እዚያ ላይ መሥራት የተሻለ ነው። እኔ የማወጣቸውን ቱቦዎች በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ቀፎው ላይ የሰዓቱን ስም እጽፋለሁ።

ፍሬ ሲቀነስ ከሁለቱም ወገን በተመጣጠነ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ያለዚያ መዝጊያው ከእጅ አንጓ መሃል ወጥቶ ወደ ጎን ይዞራል። አንድ ፍሬ ማውጣት አጥብቆ፣ መተው ደግሞ አላልቶ የሚያስቸግር ከሆነ፣ በብዙ መዝጊያዎች ጎን ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ የመዝጊያውን ዘንግ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰጣል ወይም ይነሣል። እጅ በሙቀት እንደሚያብጥ አስቦ ይህን ልክ ማለዳ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ መውሰድ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ። ከላይ የዘረዘርኩት መከራ አብዛኛው የሥራው ተፈጥሮ ያመጣው አይደለም። ቀድሞ በብዙ ሰዓቶች ላይ የጆሮው ጉድጓድ ከውስጥ እስከ ውጭ የተበሳ ነበር፤ ቀጥ ያለውን መርፌ ከውጭ አስገብቶ ዘንጉን መጫን ብቻ በቂ ስለሆነ፣ ሾልኮ የሚቧጭርም፣ ተጋርዶ የሚፈለግም ነገር አልነበረም። አምራቾች ቀዳዳውን የደፈኑት ጆሮው ከጎን ሲታይ ለስላሳና ያማረ እንዲሆን ነው። ውበቱን እነሱ ሸጡ፣ ጭረቱን ለእኛ ተዉልን። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው መመዘኛ የተሠራውና ዛሬ ናቶ እየተባለ የሚጠራው የናይለን ማሰሪያ ነገሩን ፍጹም በሌላ መንገድ ፈትቶታል፤ አንድ ወጥ ጨርቅ በሁለቱ ዘንጎችና በሰዓቱ ጀርባ መካከል ስለሚያልፍ፣ ማሰሪያ ለመቀየር ዘንግ መንካት አያስፈልግም፤ አንዱ ዘንግ ቢሰበርም ሰዓቱ በሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበው የአፕል ሰዓት ደግሞ ጀርባው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ማሰሪያውን በጎን ማንሸራተት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ለዚህ ግን ለእሱ ተብሎ ከተሠራ ማሰሪያ ሌላ አይቀበልም። ትንሽ ምላስ ተበጅቶላቸው በጥፍር የሚሳቡ ዘንጎችም በአዳዲስ የቆዳ ማሰሪያዎች ላይ እየተለመዱ ነው። እንግዲህ ቀላል ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል ማለት ነው። በውድ ሰዓቶች ላይ ሳይቀር የተደፈነ ጆሮ የምናየው አምራቹ ሳይችል ቀርቶ አይደለም።

ለዓምዱ አዘጋጅ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚህ ርዕስ ስትመለሱ ቢላዋውን ከምክሩ አውጡት፤ በምትኩ በገጹ ዳር 18፣ 20 እና 22 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ሦስት መስመሮችን በትክክለኛ ልካቸው አትሙልን። አንባቢው ሰዓቱን ገጹ ላይ ደፍቶ ከመስመሮቹ ጋር ሊያስተያይ ይችላል፤ የማይስማማ ማሰሪያ ገዝቶ ከመመለስም ይድናል። መሃል ላይ የሚወድቅበት ካጋጠመው የእሱ ሰዓት ከነዚያ ከሚያሳስቱት፣ ከባለ 19 ወይም ከባለ 21 አንዱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ