መሬቱ ነው ያላደገው

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሕዝብ ቁጥር ሲወራ ሁሌ በሚሊዮን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን፣ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆንን ይገመታል። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ደቡብ ጎንደር፣ አጎቴ ማሳ ላይ ነው። አያቴ ያርሱት የነበረውን አራት ጥማድ አምስት ወንድማማቾች ተካፍለውታል፤ የአንዱ ድርሻ በሬዎቹ ገና ሳይሞቁ ያልቃል። ድንበሩ ላይ የነበረችው ዋርካ ለማገዶ ሄደች፣ ግጦሹም ታርሶ በቆሎ ሆኗል። አገር በቀል ዛፍ በብዛት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው፣ እሱም ዳር ዳሩን እየተበላ። "ልጅ በእድሉ ያድጋል ይባል የለ?" ብላቸው አጎቴ ሳቁና "እድሉስ ያድግ፣ መሬቱ ነው ያላደገው" አሉኝ። ትልቁ ልጃቸው ደብረ ታቦር ባጃጅ ይነዳል፣ ታናሹም ጓዙን እየሸከፈ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር