እማዬን ላነሳችኋት ሁሉ፣ ከአየርላንድ

እማዬ ትናንት ክራንቿን ይዛ ከአልጋዋ እስከ ሳሎን ሄደች። እኔም ይችን ምስጋና ከዚህ በላይ ማቆየት አልቻልኩም።

ላልሰማችሁ፦ እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ በመጣችበት፣ ኪልዴር አውራጃ፣ ሙን የምትባል መንደር ያለውን መስቀል ላሳያት ወሰድኳት። በፈረሰ ገዳም ውስጥ የቆመ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከሺህ ዓመት ያለፈው የድንጋይ መስቀል ነው። እዚያው አጠገቡ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣትና ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ብርድ ልብስ ይዘው የደረሱትን የሰፈሩን እናት ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ መሬት ላይ አብረዋት ተቀመጡ። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅ። ከፊታቸው ግን መስቀሉ አለ። ሴትዮዋ ወደ ተቀረጹት ዓሦች ጠቁመው በጣታቸው አምስት እንጀራ ቆጠሩላት። እማዬ ሦስቱን ወጣቶች እሳቱ ውስጥ ስታይ ሕመሟን ረስታ «ሠለስቱ ደቂቅ!» አለች፤ ወዲያው «ገብርኤል የታለ?» ብላ ታፈላልግ ጀመር። ከዚያ እመቤታችን በአህያ ወደ ግብፅ ስትሰደድ። ጊዜው ወርኃ ጽጌ ነበርና እማዬ «ይኸው፣ በወሯ አገኘኋት» ብላ አለቀሰች። ሴትዮዋም ምኑም ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ።

ከመውደቋ በፊት በሌላው ጎን አባ ጳውሊንና አባ እንጦንስን እንጀራ ሲቆርሱ አሳይቻት ነበር። የግብፅ በረሃ መነኮሳት እዚህ ዝናብ አገር መገኘታቸው ደንቋት፣ «እነዚህም ተሰደው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ግን ስቃለች። አካላቸው አራት ማዕዘን፣ እግራቸው ትንንሽ! ግራናይት እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ጠራቢው በዚያ ጠጣር ድንጋይ ይህን ሁሉ ማውጣቱ ይገርመኛል። ስሙን አልጻፈም፤ ነፍሱን ይማር። መስቀሉ ራሱ እኮ ተሰባብሮ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1835 ከፊሉ ተገኘ፣ መካከለኛው ክፍል በ1893 ተገኝቶ ተገጠመ። ለፈለጉት ሰዎችም ምስጋና ይድረሳቸው።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉላትን ሐኪሞች፣ ሌሊት የሚገለብጧትን ነርሶች እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ የደብሊን ልጆች ደግሞ! በእኩለ ሌሊት ስልክ አንስታችሁ ያስተረጎማችሁ፣ አጥሚት በፔርሙስ ያመላለሳችሁ፣ እኔ ሥራ ስገባ አጠገቧ የዋላችሁ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል እቤት ትንሽ ዝክር አለን። ኑልን። የሙኗ እናትም ይመጣሉ። ጾም ስለሆነ፣ በርበሬም ስለማይችሉ ለሳቸው ድንች አልጫ እንሠራለን። በዚያ በኩል የሚያልፍ፣ መኪና ያለው ሰው ካለ ቢያመጣልን ደስ ይለናል።